በእኩለ ጾም ምሽት ጠፋች ስለተባለችው የቤልጂየም ተማሪ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሲሜዎን ላራድ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ሎብስተር (ሸርጣን መሰል የባሕር እንስሳ) አጥማጅ፤ የማጥመጃው ወቅት እስኪከፈት ወጥመድ ጠጋኝ
አድራሻ፦ ላንስ ፎክ መንደር፣ ኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ኖቫ ስኮሺያ፣ ካናዳ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ዓርብ፣ ማርች 8 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፖሊስ ጽሕፈት ቤት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ማርጎ ማክአይዛክ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ፣ ባለቤቴ ኦዲል ብቻ «ሄደህ ተናገር» ብላኝ፣ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን የምሰጠው ተማሪ ኤሊን ዴልቮ ትናንት ሐሙስ ማታ ጠፍታ እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው። ተማሪዎቹን ይዘው የመጡት መምህርት ቬሮኒክ ማሲን፣ ልጅቷ ከአስተናጋጆቿ ቤት ኮብልላ ከሆነ ነገ ቅዳሜ በሚነሣው አውሮፕላን ወደ አገሯ እንደምትመለስ ተናግረዋል። ልጅቷ ደግሞ መመለስ አትፈልግም። ማክሰኞ ዕለት ግን ትፈልግ ነበር። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

ኤሊን ዕድሜዋ 16 ሲሆን፣ ቤልጂየም ካለው እህት ትምህርት ቤት በልውውጥ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ ናት። ባለፈው መከር የወንድሜ ልጅ ጆሲ ሄዳ እነ ኤሊን ቤት አርፋለች፤ አሁን ተራው የእኛ ሆነ። የጆሲ እናትና አባት አልበርታ ነዳጅ ማውጫ ስለሚሠሩ ጆሲ የምትኖረው ከእኔና ከኦዲል ጋር ነው። ስለዚህ እንግዳዋም ያረፈችው እኛ ዘንድ ነው። ስትመጣ መምህርቷ ፊት በአስተናጋጅነት ፈርሜ ተቀብያታለሁ። በመንደሩ በዓልና ዝግጅት ላይ ይዣት እንድወጣም ተፈቅዶልኛል።

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ግን ዝምተኛ ነበረች። እኔ ቀልደኛ ስለሆንኩ፣ ሳጅኗም ይህን ያውቃሉ፣ ላስቃት ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም። በእኛ መንደር ሰው አንድ እንግዳ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ነው። ሱቅ ስትሄድ የማን ነሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የማን ነሽ ተባለች። ማክሰኞ እራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ዘመድ አለው። እኔ ለማንም ምንም አይደለሁም» አለች። ወዲያው ለመምህርቷ ደውላ አገሬ መልሱኝ አለቻቸው። መምህርቷም በቅዳሜው አውሮፕላን ቦታ ያዙላት።

ሐሙስ የእኩለ ጾም፣ ማለትም የዐቢይ ጾማችን አጋማሽ፣ ቀን ነው። በእኛ ዘንድ በዚህ ሰሞን ጭምብል ለባሾች ፊታቸውን ሸፍነው፣ አካላቸውን ለውጠው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ገማቾቹ ደግሞ ቤት ተቀምጠው የለበሰውን ሰው ማንነት ለማወቅ ይሞክራሉ። ስሙ ተጠርቶ የታወቀ ጭምብሉን ያወልቃል፤ ካልታወቀ አያወልቅም። ድምፅ እንዳይለይ ጭምብል ለባሹ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ነው የሚያወራው። ማን እንደወጣ ቀድሞ መናገር ትልቅ ነውር ነው። ይህን የምገልጸው ለሳጅኗ አይደለም፤ እሳቸው ባለፈው ዓመት ፍየል ሆነው ወጥተዋል። ለመምህርቷ እንዲነበብ ብዬ ነው። ሳጅኗ ፍየሉ አይጻፍም ብለውኝ ነበር፤ እውነቱ ሁሉ ይጻፍ ካልን ይጻፍ ብዬ ተጽፏል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጥመድ ስጠግን ኤሊን ምስማር እያቀበለችኝ ነበር። እኔም «ስሚ፣ ዛሬ ማታ በዚህ መንደር ማንም የማንም አይደለም። አንቺ ደግሞ ከሁላችንም ቀድመሽ ተለማምደሽዋል» አልኳት። ጆሲ ከበሩ ሆና «ጋሼ፣ አታስገድዳት!» አለችኝ። «ማን አስገደደ? ሱሪ ብቻ ነው ያሳየኋት» አልኩ። ያሳየኋትም የዓሣ ማጥመጃ የጎማ ሱሪዬን ነው። ኤሊን ሱሪውን ለካችው። እስከ ብብቷ ደረሰ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁ።

ጀርባዋ ላይ ትራስ አሰርንላት፤ ኮት ገልብጠን አለበስናት። እጅ ሰውን ያጋልጣል ብለን በጓንት ፈንታ የሱፍ ካልሲ አጠለቅንላት። ፊቷን ጆሲ ቅንድብና ትልቅ አፍንጫ በሳለችበት የትራስ ልብስ ሸፈንን። ስልኳን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንድትተው ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ ጆሲ አምና የታወቀችው ስልኳ ጮኾባት ነው። ለመምህርቷ አስቀድሜ ያልነገርኳቸው ከላይ በተገለጸው ነውር ምክንያት ነው። ጥፋት ካለ ይህ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሦስታችን ወጣን። በመጀመሪያው ቤት እኔ በሆዴ፣ ጆሲ በአረማመዷ ታወቅን። ኤሊንን ግን ያወቀ የለም። ቀጥለን ወደ እማማ ዛቢን ቤት ሄድን። እማማ ዛቢን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በግምት ተሳስተው አያውቁም ይባላል። እኔና ጆሲ ጭምብላችንን አውልቀን ከገማቾቹ ጋር ስንቀመጥ ኤሊን ብቻዋን መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። እማማ ዛቢን ዞሯት፣ ጉብታዋን ቆነጠጡ፣ አስጨፈሯት። «የጀራር ሚስት ናት» አለ አንዱ። «የጀራር ሚስት እንዲህ አትጨፍርም፣ ወለሉ ይሰበር ነበር» አለ ሌላው፤ የጀራር ሚስትም እዚያው ተቀምጣ ነበር። እማማ ዛቢን ጎንበስ ብለው ጉልበቷን እየዳሰሱ «ይሄ ጉልበት የላራዶች አይደለም። የቡድሮዎችም አይደለም። ቆይ፣ ከየት የመጣ ጉልበት ነው?» እያሉ ተብከነከኑ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። የኤሊን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ሳይ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ ስሰማ በትራሱ ልብስ ውስጥ እየሳቀች ነው።

ቀጥሎ ያለው ያየሁት ሳይሆን ከባለቤቴ የሰማሁት ነው። መምህርቷ ማታ ማታ ለተማሪዎቻቸው ይደውላሉ። የኤሊን ስልክ ሲጮኽ ኦዲል የሰው ስልክ አላነሣም ብላ ተወችው። ከዚያ የቤቱ ስልክ ጮኸ። «ኤሊን አለች?» አለ አንድ የቤልጂየም አነጋገር ያለው ድምፅ። በዚህ ሰሞን ገማቾች ማን እንደወጣ ለማጣራት ድምፃቸውን ለውጠው ቤት ለቤት ይደውላሉ፤ እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ደግሞ መንደሩ በሙሉ እንደ ቤልጂየሞች ሲያወራ ነው የከረመው። ኦዲል የደወለችው ጎረቤታችን መስላት «ኤሊን? እንዲህ የምትባል ልጅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም» ብላ ዘጋች። እንደገና ተደወለ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «እባክዎ፣ ልጅቷን የት አደረሳችኋት?» ሲላት፣ ኦዲል ትወናውን አድንቃ «ለእራት በላናት። ትንሽ ጨው አንሷት ነበር» አለች። መምህርቷ ለፖሊስ የደወሉት በዚህን ጊዜ ነው። አልፈርድባቸውም።

እማማ ዛቢን ገና በጉልበቱ ጉዳይ ሳይወስኑ በሩ ተንኳኩቶ ሙሉ የፖሊስ ልብስ የለበሰ ጢማም ሰው ገባ። አሁን ኮንስታብል ትሬቨር ኮስታክ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ በቅርቡ እንግሊዝኛ ከሚነገርበት ከሳስካችዋን ወደ እኛ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መንደር ተዛውረው የመጡ ናቸው። በሰዓቱ ግን የአጎቴ ልጅ ኢቮን መሰለኝ። ኢቮን አምና ቄስ ሆኖ መጥቶ፣ ሳይታወቅ የሁለት አሮጊቶችን ኑዛዜ ሰምቷል። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰውየው በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «እኔ... ፖሊስ ነው» አለ። «እኔ ደግሞ ሊቀ ጳጳስ ነኝ፣ ና ልባርክህ!» አልኩት። «አንዲት ልጅ ጠፍቷል» አለ። «ድምፁን ስሙት! ኢቮን፣ ከየት ነው የተማርከው?» አሉ እማማ ዛቢን።

በመርማሪ ተጠይቄ ስመልስ፣ ሽጉጡንም ሬዲዮኑንም አልነካሁም። የነካሁት ባርኔጣውን፣ ሆዱንና ጢሙን ነው። ጢሙን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ታች ስቤያለሁ። አንደኛ፣ ጢሙ አልተነቀለም። ጥርጣሬ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። ሦስተኛ፣ ኢቮን የሙሽራ ቀሚስ ለብሶ ኬክ እየበላ ከወጥ ቤት ወጣ።

ኮንስታብሉ ጢማቸውን እያሻሹ ስልካቸውን አወጡና ከላዩ ላይ ጮክ ብለው «ኤሊን ዴልቮ!» ሲሉ አነበቡ። በዚህን ጊዜ መሐል ወለሉ ላይ የቆመችው ጎባጣ፣ ካልሲ ያጠለቀ እጇን አንሥታ ጭምብሏን ገለጠች። ፊቷ በላብ ርሶ ቀልቶ ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ። አወቁኝ» አለቻቸው። ስሟ ተጠራ፣ አወለቀች፤ ያስተማርኳት ሕግ ይኸው ነው። ያን ጊዜ የተነሣውን ጩኸት በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም። እማማ ዛቢን ብቻ «አይቆጠርም! ፖሊስ መረጃ አለው! ይሄ ማጭበርበር ነው!» እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። ላወቀ ሰው የሚሰጠው የክሬም ከረሜላ ለኮንስታብሉ ቀረበላቸው። እሳቸውም ሥራ ላይ ነኝ እያሉ ሦስት በሉ።

ወዲያው መምህርቷ ደረሱ። ኤሊንን አቅፈው ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ተቆጡ። «ማክሰኞ ልሂድ ብለሽኝ ሐሙስ ስትጠፊ ምን ላስብ? በልተናታል አሉኝ እኮ!» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። የሰው ልጅ አደራ ይዘው ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰው ናቸው። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ጠይቃቸዋለች። ኤሊን ልሂድ ማለቷን እንደተወች ብትነግራቸውም፣ «የኮበለለች ተማሪ እዚህ ላቆይ አልችልም። ምን እንደነበረ ፖሊስ ያጣራ» አሉ።

ስለዚህ በመርማሪ «ልጅቷ የወጣችው በማን ፈቃድ ነው?» ተብዬ ስጠየቅ፣ በእኔ ፈቃድ ነው እላለሁ። «ከዓይንህ ተለይታ ነበር ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ፣ ለአንድ ደቂቃም አልተለየችም፤ የጠፋ ነገር ቢኖር እሷን መለየት የቻለ መንደርተኛ ነው እላለሁ። «ማንም አስገድዷት ነበር ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ፣ ከሱሪው በቀር ያስጨነቃት ነገር አልነበረም ብያለሁ። ኮንስታብል ኮስታክ ስለ ጢማቸው ክስ እንደማያቀርቡ በዚህ ክፍል ተገኝተው ገልጸዋል፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ይህ ቃል መምህርት ማሲንና ኤሊን ባሉበት ጮክ ተብሎ ተነቧል። ሲነበብ «ጨው አንሷት ነበር» የሚለው ጋ ሲደረስ መምህርቷ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ፤ መሳቃቸውን ከትከሻቸው ዐውቄያለሁ። ከዚያ ወደ ኤሊን ዞረው «እንግዲህ አልኮበለልሽም። ግን ቦታው አሁንም በስምሽ ተይዟል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ነገ ትሄጃለሽ?» ብለው ጠየቋት። ኤሊንም «ነገ አይመቸኝም። እማማ ዛቢን ከገማቾቹ ጋር እንድቀመጥ ጠርተውኛል። አብራቸው ስለኖረች የላራዶችን ወገን እሷ ትለየዋለች ብለዋል» አለች። መምህርቷ ስልካቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ከላይ የሰጠሁት ቃል በትክክል የተጻፈ፣ ተነቦልኝ ያዳመጥኩት፣ ያልጨመርኩበትና ያልቀነስኩበት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሲሜዎን ላራድ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ማርጎ ማክአይዛክ
ታዛቢ፦ ኮንስታብል ትሬቨር ኮስታክ
ታዛቢ፦ መምህርት ቬሮኒክ ማሲን (የቅዳሜውን ጉዞ ለማሰረዝ ከአየር መንገዱ ጋር በስልክ ላይ ስለነበሩ ፊርማቸው ዘግይቶ ተፈርሟል)