የሰማዩ ድንጋይና የልብስ ሰፊው ዐይን

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ በዚያ ቀን ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ አልገባም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሳቸው ደጃፍ ስደርስ ወዲያ ማዶ የምሻገር ሰው ነኝ፤ ምክንያቱን ኋላ ትሰሙታላችሁ። ነገር ግን ሰማዩ ድንገት ተቀደደና መንገደኛው ሁሉ በየበረንዳው ሲጠለል፣ ለእኔ የተረፈኝ ያ በር ሆነ።

ገብቼ ጫማዬን ሳልጠርግ ጭቅጭቅ ተቀበለኝ። ሰፈሩ ሁሉ «አንድ ልክ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ቆማለች። ልጅቷ ሥነ ፈለክ ተምራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ትሠራለች። እሳቸው ግን «ኮከብ ቆጣሪዋ» ነው የሚሏት፤ ስንት ጊዜ ብትቆጣም አልተዉም።

«ጋሼ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት!» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ዐይናቸውን በቀዶ ጥገና ሊታከሙ ቀጠሮ አላቸው። አልሄድም ብለው ድርቅ አሉ።»

«አልሄድም ብያለሁ፣ አልሄድም!» አሉ ሽማግሌው። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይፍረዱን። ያ ሐኪም መጀመሪያ አየኝና ‹የዐይን ሞራ ነው፣ ገና ነው፣ ይቆይ› አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ኋላ ብመለስ በሌላ መሣሪያ አየኝና ‹የለም፣ ግፊትም አለበት፤ ከቆየ ብርሃኑ ጨርሶ ይጠፋል› አይለኝም! አንዱ አፍ ነው ሁለቱንም የተናገረው። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ነው የሚያዘው። እኔ ሰውን አንዴ እለካለሁ፣ አንዴ እቆርጣለሁ። ቃሉን ለሚያጥፍ ሰው ዐይኔን አልሰጥም!»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚማርልኝ ሰው አጥቼ ስለነበር፣ ዳኛ መባሉ ደስ አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምነው ባልተቀመጥኩ!

«ሰውን የሚያስተው ይሄ የእሷ ትምህርት ነው» ብለው ቀጠሉ። «ያን ድንጋይ አልሰሙም?»

ሰምቻለሁ፤ ዜናው ያላዳረሰው ቤት አልነበረም። ቁመቱ የፎቅ ቤት የሚያህል ድንጋይ በሰማይ ላይ ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምድርን ሊመታ ይችላል ተባለ።

«መጀመሪያ የመምታት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው አሉ» አሉ ሽማግሌው። «ትንሽ ቆይተው ከመቶ ሁለት አሉ። ከዚያ ከመቶ ሦስት! ይኼስ እየባሰበት ነው፣ ቂም ይዤ አልሙት ብዬ፣ ስንት ዘመን ካኮረፍኩት ከሥጋ ሻጩ ጋር ታረቅሁ። በነጋታው ‹አይመታንም፣ ተረጋጉ› አይሉም! በከንቱ ታረቅኩ እኮ፣ መምህር!»

ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ግን የተማረ ሰው ክብር አለብኝና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ።

«ወዳጄ፣ ዕውቀት እኮ ያድጋል። እኔ ራሴ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ብዬ ስንት ትውልድ አስተምሬያለሁ። ኋላ ስምንት ናቸው ተባለ፤ እኔም ተቀበልኩ።»

«አንዱ የት ሄደ?»

«አለ፤ እዚያው ነው። ግን ከፕላኔትነት ተሰረዘ።»

«ምን በድሎ?»

«አልበደለም፤ ብቻ… አነስ ይላል። የሚመስሉትም ብዙ ተገኙ።»

«አነስ ስላለ ከወንድሞቹ ለዩት? አይ ጭካኔ!»

ነገሩ እንዳላማረ ገባኝና በሌላ በኩል ልካስ አልኩ። «በአንጻሩ ግን ሳተርን የተባለችው ፕላኔት ጨረቃዎቿ በቅርቡ ሲቆጠሩ ከሁለት መቶ በልጠው ተገኝተዋል።»

«እንዴ! በአንድ ወገን ያባርራሉ፣ በሌላ ወገን ይቀፈቅፋሉ! ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?»

«ቆይ፣ ቆይ። ከሌላ ኮከብ ሰፈር የመጣ እንግዳ ነገርም በእኛ ፀሐይ አጠገብ አልፏል። አንዳንዱ ሰው የማናውቃቸው ፍጡራን መንኮራኩር ነው ብሎ ነበር፤ ሲመረመር ግን ጅራታም ኮከብ ሆኖ ተገኘ።»

«ያ ደግሞ ሌላ ውሸት!»

ላቤ መጣ። የመጨረሻ ጥይቴን ተኮስኩ፦ «ወዳጄ፣ አሁን በሰማይ ላይ ያለው ትልቁ መነጽር እጅግ ሩቅ የሆኑትን የከዋክብት ክምችቶች ያያል። ብርሃናቸው እስኪደርስ ዘመናት ስለሚፈጅ፣ የሚያየው የዛሬ መልካቸውን ሳይሆን የጥንቱን ነው።»

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ የዛሬውን ማን ያየዋል?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩ፤ ካልኩት በኋላም ራሴ ደነገጥኩ። እውነትም፣ የዛሬውን ማን ያየዋል? ጭንቅላቴ ዞረብኝ። አስታራቂ ሆኜ ገብቼ፣ ከተጣሉት ሁለቱ ይልቅ ግራ የተጋባሁት እኔ ሆንኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ አያግዙኝ» አለችኝ ልጅቷ።

ተቀየምኩ፤ ግን ሐቅ ነበራት። ደግሞም ሽማግሌውን የሚያናድዳቸው ጥያቄ እኔንም ሲበላኝ የኖረ ነው፤ ሰው እንዳልጠይቅ የተማርኩ መባሌ አፌን ይዞኝ ነው እንጂ። ድንጋዩ የማይመታን ከሆነ፣ ዕድሉ ቀስ በቀስ መቀነስ አልነበረበትም? እንዴት ከአንድ ወደ ሦስት ወጥቶ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዜሮ ይሆናል? የሚዋሽ ሰው ወሬ እንኳ እንዲህ አይዘልም።

«አባባ» አለች ልጅቷ፣ «አንድ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉልኝ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተነሡ። ጨርቁን አንዴ አራግፈው ሲዘረጉት፣ እጃቸው ከዐይናቸው በላይ እንደሚያይ አስተዋልኩ። እሷ ከጨርቁ ግራ ዳር ጠጋ አድርጋ አንዲት የኮት ቁልፍ አስቀመጠች።

«ድንጋዩ በዚያ ቀን በዚህ ጨርቅ ላይ በአንዱ ቦታ ያልፋል እንበል። የት ላይ እንደሆነ አናውቅም፤ ከሩቅ ነው ያየነው። ቁልፏ ምድራችን ናት። የጨርቁ ስንተኛ እጅ ትሆናለች?»

«ምን እጅ አላት፣ ኢምንት ናት እንጂ።»

«ጥሩ። አሁን ደጋግመን አየነውና በቀኝ በኩል እንደማያልፍ አወቅን። የቀኙን እጥፍ ያድርጉት።»

አጠፉት።

«ቁልፏስ አሁን?»

በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። «ከበፊቱ ይሻላል፤ ሰፋ ያለ ቦታ ይዛለች።»

«ቁልፏ አደገች?»

«ምን ነካሽ? ጨርቁ ጠበበ እንጂ!»

«አሁንም ከቀኝ እጥፍ ያድርጉ።»

አጠፉ። ቁልፏ አሁን በጠባቡ ጨርቅ ላይ ጉልህ ሆና ታየች። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ አንገቴን አሰገግኩ፤ እንደ ተማሪ።

«አያችሁ፣ ዕድሉ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት የወጣው ለዚህ ነው። ድንጋዩ ወደ እኛ ስለዞረ አይደለም፤ የማናውቀው ነገር እየጠበበ ስለሄደ ነው። አሁን ደግሞ በግራ በኩልም እንደማያልፍ አወቅን። የግራውን ዳር እጥፍ ያድርጉ።»

ሽማግሌው የግራውን ዳር ከቁልፏ ሥር ሳብ አድርገው ሲያጥፉት፣ ቁልፏ ከጨርቁ ወርዳ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ቀረች። ዕድሉ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። እሰይ! በየዜናው ያልገባኝ ነገር በአንድ ክንድ ጨርቅ ገባኝ። ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«ቁልፏ የት ሄደች?» አሉ ሽማግሌው።

ከእጃቸው ሥር ነበረች። ጠረጴዛው ጥቁር ቡናማ፣ ቁልፏም ጥቁር። ጨርቁን ገለጡ፣ ጠረጴዛውን ዳበሱ፣ በክርናቸው ገፍተዋት ወደ ዳር አንከባለሏት፤ አላዩዋትም። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም የደስታዬ ነገር አሳፈረኝ።

«እዚህ ናት፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ እጃቸውን ይዛ።

ቁልፏን ጨብጠው ቆሙ። ድምፃቸው ግን አሁንም እንደ ደረቀ ነው። «ይሁን። ድንጋዩ ገባኝ። ድንጋይ ግን ይዞራል፤ ሰው እንደዚያ አይደለም። ሰው አንዴ ይለካል።»

እዚህ ላይ ስለ ሽማግሌው አሠራር መናገር አለብኝ። ደንበኛ መጀመሪያ ሲመጣ ይለኩትና ልኩን በክር ላይ ቋጥረው ከግድግዳው ምስማር ያንጠለጥሉታል፤ አንዱ ቋጠሮ ትከሻ፣ አንዱ ደረት፣ አንዱ ወገብ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ በዚያው ክር ነው። ዳግመኛ መለካት ለእሳቸው «ተሳስቼ ነበር» ብሎ መማል ነው። «አንድ ልክ» የተባሉትም በዚህ ነው።

«ጋሼ» አለችኝ ልጅቷ፣ «ኮትዎን ይቆልፉት እስቲ።»

«ብርድ የለም እኮ።»

«እባክዎ፣ ጋሼ።»

መሸሻ አጣሁ። ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሁለቱን ዳር በግድ አቀራረብኩ። አልገናኝ አሉ። ሽማግሌው ባያዩም መጥተው በእጃቸው ዳሰሱኝ። በሆዴና በኮቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ እጅ ያስገባል።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል» አልኩ።

«የዘንድሮውም ኮት?»

«የአምናውም። ሱሪውማ አይነሣ፤ ስቀመጥ ነፍሴ ትወጣለች። በእርስዎ ደጃፍ የማላልፈውም ‹ሌላ ልስፋልዎ› እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብዬ? እርስዎ እኮ ቃልዎ አንድ ነው። ሁላችንም አፈርን።»

«ሁላችንም?»

ልጅቷ መለሰች፦ «ፖስተኛው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጎረቤታችን ነርሷ። ሁሉም ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው፣ ስፌቱን አስፈትተው ያሰፉታል፣ አባባ። እርስዎ ጋ ሲመጡ ግን ያልተፈታውን፣ የጠበበውን ለብሰው ነው።»

ሽማግሌው ወደ ምስማሩ ዞሩ። ከዚያ፣ «ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ደጅ የሚያልፈው ትንፋሹን ይዞ ነው ማለት ነው?» አሉ።

መሳቅ አማረኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኮራበት ነገር ሲናድበት ማየት ከባድ ነው።

«አባባ» አለች ልጅቷ፣ «ሲለኳቸው አልተሳሳቱም። ያን ጊዜ ጋሼ ቀጭን ነበሩ። የቀድሞው ልክ ውሸት አልነበረም፤ ዳግመኛ አለመለካቱ ነው የጎዳን። ሐኪሙም መጀመሪያ ያየውን ነገረዎት፤ ኋላ በተሻለ መሣሪያ አየና አዲሱን ነገረዎት። አፍሮ የመጀመሪያውን ቃል ቢጠብቅ ኖሮስ? ‹ሰውዬው ቃሉ አንድ ነው› እየተባለ፣ የእርስዎ ብርሃን ይጠፋ ነበር።»

ውጭ ዝናቡ አባርቷል፤ እኔ ግን መውጣት አልቻልኩም። ሽማግሌው ከአንገታቸው የተንጠለጠለውን ሜትር አወረዱና በወገቤ ዙሪያ አጠመጠሙት። ጫፉን ያዙ፣ ቁጥሩን ወደ ዐይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዘረጉላት።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አሉ። «አላየሁትም።»

አነበበችላቸው። እሳቸውም፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚሉት?» አሉ።

በማግሥቱ ሦስታችንም ሐኪም ቤት ተገኘን። እኔ እንድሄድ የጠራኝ አልነበረም፤ ቤቴ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እንዲህ አለ፦ «አባቴ፣ የግራው ደህና ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የቀኙን ግን ገብቼ ካላየሁት አላውቅም። ግፊቱ የጎዳው ነገር ላይመለስ ይችላል።»

«እርግጠኛ አይደለህማ?»

«አይደለሁም፣ አባቴ።»

ልጅቷ ክንዴን ጨመቀችው። አለቀልን፣ ተነሥተው ሊሄዱ ነው አልኩ በልቤ።

ሽማግሌው ግን ትራሱን አስተካክለው ተጋደሙ። «እንግዲያው ሥራህን ጀምር» አሉ። «እርግጠኛ ነኝ ብትለኝ ነበር ጥዬህ የምሄደው።»

አንባቢ ሆይ፣ ምክር ያላት ወግ ናትና ምክሯን ልናገር። የሰማይ ተመልካቾች ትናንት ያሉትን ዛሬ ሲያርሙ ብንሰማ አንሳቅባቸው፤ ከምናውቀው በላይ አይተው ያላዩትን አላየንም ይላሉ። ቃልን መጠበቅ ለስምምነትና ለፍቅር ያማረ ነው፤ ለሚለካ ነገር ግን ደግሞ መለካት ነው ክብሩ። ሰው ይህን ከተማረ ሐኪሙን ሳይፈራ ይጠይቃል፣ ሕመሙ ሳይብስ ይታከማል፣ ደንበኛም ሳያፍር «ጠበበኝ» ይላል። እኔም ያልገባኝን «አልገባኝም» ማለት ጀምሬያለሁ። ስለዚያ ትልቅ መነጽርና ስለ ጥንቱ ብርሃን ዛሬም አልገባኝም፤ ልጅቷን እየጠየቅኋት ነው።

የሽማግሌውን የዐይን ፋሻ የፈቱ ዕለትም እዚያው ነበርኩ። ቀኙ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። ግራው ግን ጠርቶ ተከፈተ። ዙሪያውን አዩ፤ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ እኔንና ሆዴን። ከዚያ ዐይናቸው ልጅቷ ፊት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እንዴ!» አሉ። «አንቺ… መቼ ነው እንዲህ እናትሽን የመሰልሽው?»

እናቷ፣ የእሳቸው ልጅ፣ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ፊቷን አቀረበችላቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባ ዐይንዎን ይጎዳል ብንላቸው ሳይሰሙን፣ እስኪጠግቡ አዩዋት።