ከጀርባዋ ሲሰማ

— ሄሎ?... አለሁ፣ አለሁ የኔ እናት።... ወዴት እሄዳለሁ? ያው ክፍልሽ ውስጥ ነኝ፣ ኮምፒውተርሽ ፊት።... እንዲሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የምትገባው እዚህ ስለሆነ።

— ምኑን ልላክልሽ?... «እማዬ» ብለሽ የሠራሽውን ድምፅ?... አሁኑኑ?... ሙዚቀኞቹ ስቱዲዮ ገብተው እየጠበቁ ነው?... እትዬ፣ እባክሽ ሬዲዮኑን አጥፊው፣ ልጅቷ ናት!... አክስትሽ ናት፤ ሹራቧን ይዛ አልጋሽ ላይ ተንፈላስሳለች። ሰላም ብላሻለች።

— አይ... ፋይሉ አለ። አለ ግን... ልጄ፣ እንደማትቆጪኝ መጀመሪያ ቃል ግቢልኝ።... የለም፣ መጀመሪያ ቃል!... ነካክቼዋለሁ።

— ትሰሚኛለሽ?... እኔማ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። አንቺ ስትወጪ እዚህ እቀመጥና አንዷን ቁልፍ ጫን ሳደርግ እናትሽ ታንጎራጉራለች። የተቀዳ ድምፅ ሳይኖርሽ ኮምፒውተር ላይ የሠራሽው ነው ብል ማን ያምነኛል? ዓይኔን ስጨፍን ልብስ እያጠፈች ነው። ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች... ብቻ ድምፁ የታፈነ መሰለኝ። አፏን በትራስ የያዙባት ይመስል። እሷ እንዲህ አልነበረችም አልኩ። ትናንት አንቺ ሞጁል ከምትያቸው ሳጥኖች አንዱን... አዎ፣ ፊልተር የሚለውን፣ ድምፁን የሚያፍነውን... ፀጉር ታህል አዞርኩት። ጠራ! ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ። ሌላዋንም ሳጥን ነካሁ፣ ከማንጎራጎሯ በፊት ትንፋሿን ሳብ የምታደርገው ነገር እንዲመጣልኝ።... ከዚያማ እንዳይጠፋብኝ ሴቭ አልኩት።

— በዚያው ስም፣ ያንቺው ላይ።... ሌላ ስም መስጠት እንደሚቻል እኔ በምን አውቄ?... ሄሎ?... ልጄ?

— ሌላ ኮፒ የለሽም? አንድም?... አውቃለሁ ሦስት ወር እንደፈጀብሽ። በሩ ሥር ቆሜ ስሰማሽ አልነበር?... አታልቅሺ እንጂ። ስሚኝ። አርባ ዓመት ሰዓት የጠገነ ሰው፣ አንዲት ብሎን እንኳ ብትሆን ቦታዋን ሳይጽፍ ይፈታል? ከመንካቴ በፊት ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። እያንዳንዷን ቁጥር።... ሁሉንም! ያልነካኋቸውን ሳጥኖች ሳይቀር።... ሳቅሽ! ሰማሁሽ፣ ሳቅሽ።

— እመልሰዋለሁ። ግን መጀመሪያ የኔን ስሚው። ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ላድርገው... ይኸው።

— ሰማሽ?... እንዴት እሷ አይደለችም?... ልጄ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ያንጎራጎረች ሴት ናት እኮ!... እትዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ!... አክስትሽ «ዜማ ትስት ነበር፣ እሱን ጨምሩበት» ትላለች። ተያት እሷን።

— ታዲያ አንቺ እንዴት ነው የሰማሻት?... ታዝለሽ... ጆሮሽን ጀርባዋ ላይ ለጥፈሽ?...

— አለሁ። አልተቋረጠም።... አስታውሳለሁ እንጂ። አዝላሽ ነበር ልብስ የምታጥፈው። ስትሞትብን ገና አራት ዓመትሽ ነበር... ሌላ የምታስታውሺው የለሽማ። እኔ ሞኙ ደግሞ በዚህ ደረቅ ጣቴ ነካክቼ... ምን? ትንፋሿስ?... አይሰማም፣ ስትተነፍስ ጀርባዋ ብድግ ነው የሚያደርግሽ?... ወይ ልጄ።

— ቆይ፣ ልመልስልሽ። መጀመሪያ የኔን በሌላ ስም ላስቀምጠው... የት ልጫን?... ከሴቭ በታች፣ አየሁት። «ፊት ለፊት» ብዬዋለሁ። አሁን ያንቺን። መነጽሬ... እትዬ፣ መነጽሬ ላይ ተቀምጠሽ እንዳይሆን!... አገኘሁት፣ ግንባሬ ላይ ነው። ፊልተር፣ ሠላሳ አንድ። ቀጥሎ... እኔ አሥራ ሁለት ያደረግሁት ወደ ዜሮ። ይቺኛዋ ሰባት... በቃ፣ የቀረ የለም። ቁልፏን ልጫን።

— ...

— እንዲህ ነው እንዴ? እንዲህ ነው የምትሰሚያት?... ስንት ቀን ሰምቼው የታፈነ መስሎኝ ነበር እኮ። ይሞቃል።

— ሁለቱንም?... ሁለቱንም ምን ታደርጊያቸዋለሽ?... ዘፈኑ ባንቺው ይጀምርና... ፊልተሩ ቀስ እያለ እየተከፈተ... መጨረሻው በኔ?... ከጀርባዋ ወርደሽ ልትዞሪ ነው በይኛ። ፊቷን ልታዪ።

— ... አይ፣ ጉንፋን ነው። ደህና ነኝ አልኩሽ።... ላክሁት። ሁለቱም ሄዱ። ያንቺንም «ከጀርባዋ» ብዬልሻለሁ፣ እንዳይምታታብሽ።... ደረሰሽ? በይ ሰዎቹን አታስጠብቂ።... እሺ የኔ እናት። ማታ መጥተሽ ታሰሚኛለሽ። ቻው።

— ... ምን አልሽ እትዬ? ሬዲዮኑን ልክፈተው?... አይ፣ ተይው። ለትንሽ ጊዜ ዝም ይበል።