የዙለይካ እርጎና የወዬሳ ልብ

በ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ሐረር ስሄድ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ ላይ ከሁሩታ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አጋጠሙኝ። ታላቁ አቶ መርዳሳ ዕድሜያቸው የገፋ ነበር፤ ታናሹ ወዬሳ ይባላል። ገብሳቸውን አራግፈው ባቡር ይጠብቁ ነበርና ስለ መኸሩ ስንጫወት፣ ወዬሳ ዙለይካ ከምትባል እርጎ ሻጭ አንድ ዋንጫ ገዝቶ ጠጣ። ጥቂት ቆይቶ ደረቱን በጡጫው ጫን አድርጎ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ የማለዳው ብርድ ሳይለቅ ላቡ ከግንባሩ ይወርድ ጀመር።

አቶ መርዳሳ ወዲያው ወደ ዙለይካ ዞሩ። የዙለይካ ባል ሁሩታ አጠገብ ስላለ የግጦሽ መሬት ከወዬሳ ጋር ተካሶ ባለፈው ወር ተረትቶ ነበር። ስለዚህ መርዝ አጠጣችው ብለው ቁርጥ አደረጉ። ሴትዮዋ የተረፈውን እርጎ በሰው ሁሉ ፊት ጠጣችው። እርሳቸው ግን ማርከሻውን አስቀድማ ውጣ ይሆናል አሉ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በልቤ ጠረጠርኋት።

ሰዎች ወዬሳን በብብቱ ይዘው ሊያመላልሱትና ሊያስታውኩት ሲነሡ፣ ራህመቶ የሚባል ወጣት ደርሶ ከለከላቸው። ራህመቶ በሚሲዮን ሐኪም ቤት ተምሮ በጣቢያው የሠራተኞችን ቁስል የሚያክም ነው።

«ኦቦ መርዳሳ፣ እባክዎ አያስነሡት» አለ። «ሕመሙ የልብ ይመስለኛል። መንቀሳቀስ ይጎዳዋል።»

«ለእርስዋ ጠበቃ ማን አቆመህ? መርዙ ሰውነቱን እስኪያዳርስ ልታስቀምጠው ነውን?»

«ከመፍረድዎ በፊት በሽተኛውን እንጠይቀው።»

ራህመቶ ተንበርክኮ በዝግታ ጠየቀው። ወዬሳም ሆዱን እንዳልቆረጠው፣ ደረቱን ግን ድንጋይ እንደ ተጫነው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው እንደሚሄድ ተናገረ። ከዛሬ በፊት ነክቶት እንደሆነ ሲጠየቅ ወንድሙን አየና ዓይኑን መለሰ።

«ሦስት ቀን ሆነው። ዳገት ስወጣ ይይዘኛል፤ ስቀመጥ ይለቀኛል።»

«ለምን አልነገርኸኝም?» አሉ አቶ መርዳሳ።

«ሰነፍ ይሉኛል ብዬ።»

ሽማግሌው ወደ ወንድማቸው ጠጋ አሉ። ቢሆንም ጥርጣሬያቸው አልለቀቃቸውም፤ የራህመቶን እጅ አንድ በአንድ ይከታተሉ ነበር። እርሱ በሽተኛውን ጆንያ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀነቱን ፈታለት። ከብቦ ያፈነውን ሰው አራቀ፤ አንዱ ያመጣለትን አረቄ መለሰ፤ የጣቢያውን ሹም ሞጆ ላለው ሐኪም ስልክ እንዲደውል ለመነው።

«መድኃኒት ሳትሰጠው እንዲሁ ልታየው ነውን?»

«በቅሎዎ ከጭነቱ በታች ብትወድቅ ይገርፏታል ወይስ ጭነቱን ያወርዱላታል?»

«አወርድላታለሁ።»

«እኔም ሐኪሙ እስኪመጣ የማደርገው ይኸንኑ ነው።»

አቶ መርዳሳ ይኸን ሲሰሙ የወንድማቸውን እጅ ይዘው ተቀመጡ። ሐኪሙ በባቡር እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። መርፌ ወጋው፤ መርምሮም ለልቡ ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘግቶ እንደ ነበረ፣ ቢያመላልሱት ኖሮ ምናልባት በሕይወት እንደማያገኘው ነገረን። ወዬሳም በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ።

በየካቲት ከሐረር ስመለስ አዳማ አደርሁ። ወዬሳ ተርፏል፤ ሸክም ግን ተከልክሏል። አቶ መርዳሳ በየገበያው እየቆሙ፣ ደረቱ ተጨንቆ ላብ ያጠመቀውን ሰው አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ አታስሩጡት፣ ወደ ሐኪም ፈጥናችሁ ላኩ እያሉ ይመክራሉ አሉኝ። ሽማግሌ ይዘውም ዙለይካን ይቅርታ ሲጠይቁ እኔም ተገኘሁ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች። «ግን ያን ቀን ወንድምዎ ሞተው ቢሆን ማን ያምነኝ ነበር?»

አቶ መርዳሳ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም ደፋሁ። አንባቢ ሆይ፣ በሽታን ማወቅ በሽተኛውን ከሞት ማዳን ብቻ አይደለም። ማን አደረገው ብለን ጊዜ ከምናጠፋ ምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ፣ ስንቱ ንጹሕ ሰው በሐሰት ከመከሰስ በዳነ ነበር።