አራተኛው ጥያቄ

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል፤ የሒሳብ መምህሩ አንዳርጌና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ፈንታነሽ።)

ፈንታነሽ፦ አንዴ ብቻ ይዩልኝ፣ መምህር። አራተኛውን ጥያቄ አልተሳሳትኩም።

አንዳርጌ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስንቱ መጣብኝ መሰለሽ። ፈተና ሳርም ሰንብቼ ዓይኔ ደክሟል። መልሱ ሃምሳ ስድስት ነው፤ አንቺ አርባ ብለሻል። በቃ።

ፈንታነሽ፦ ሠርቼ ላሳይዎት?

አንዳርጌ፦ ሥሪው እስቲ። ቶሎ በይ ግን።

ፈንታነሽ፦ የተጠየቀው የአንድ አትክልት ቦታ ዙሪያ ነው። ቁመቱ ከወርዱ በአራት ሜትር ይበልጣል። ወርዱን ኤክስ ካልነው፣ ቁመቱ ኤክስ ሲደመር አራት ነው።

አንዳርጌ፦ እሺ።

ፈንታነሽ፦ ሁለቱ ሲባዙ ስፋቱን፣ ዘጠና ስድስትን ይሰጣሉ። ስለዚህ ኤክስ ስኩዌር፣ ሲደመር አራት ኤክስ፣ ሲቀነስ ዘጠና ስድስት፣ እኩል ይሆናል ዜሮ።

አንዳርጌ፦ እስከዚህ እኔም እንደዚሁ ነው የሠራሁት።

ፈንታነሽ፦ ከዚያ ሲባዙ ኔጌቲቭ ዘጠና ስድስት፣ ሲደመሩ አራት የሚሆኑ ቁጥሮች ፈለግኩ። አሥራ ሁለትና ኔጌቲቭ ስምንት ናቸው። ስለዚህ ኤክስ ወይ ስምንት ነው፣ ወይ ኔጌቲቭ አሥራ ሁለት። ወርድ ደግሞ ኔጌቲቭ አይሆንም።

አንዳርጌ፦ የለም፣ ኤክስ አሥራ ሁለት ነው። ወርዱ አሥራ ሁለት፣ ቁመቱ አሥራ ስድስት፣ ዙሪያው ሃምሳ ስድስት።

ፈንታነሽ፦ አሥራ ሁለትን በአሥራ ስድስት ያባዙት እስቲ።

አንዳርጌ፦ መቶ... መቶ ዘጠና ሁለት።

ፈንታነሽ፦ የተሰጠን ስፋት ዘጠና ስድስት ነው። ስምንት በአሥራ ሁለት ግን ልክ ይመጣል። ዙሪያው አርባ።

አንዳርጌ፦ ምልክቱን ነው ያምታታሁት። ሃያ ዓመት አስተምሬ... ወረቀትሽን ስጪኝ። አምስት ማርክ። አልፈሻል። የሁሉንም እንደገና አርማለሁ።

ፈንታነሽ፦ እሺ።

አንዳርጌ፦ ምነው፣ ደስ አላለሽም?

ፈንታነሽ፦ ዘነቡም አርባ ብላ ነበር።

አንዳርጌ፦ የቷ ዘነቡ?

ፈንታነሽ፦ አብራኝ ቤት የተከራየችው፤ ከኋላ የምትቀመጠዋ። ሦስት ማርክ ጎድሏት ወደቀች። አባቷ ከወደቅሽ እድርሻለሁ ብሏታል።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ለምን አብራሽ አልመጣችም?

ፈንታነሽ፦ ብለምናት፣ «መምህር አይሳሳትም» አለችኝ። ትናንት ፍራሿን ጠቅልላ አገሯ ገባች። ወረቀቷን እንኳ አልወሰደችም፣ ቤት ነው ያለው።

አንዳርጌ፦ አገሯ ሩቅ ነው?

ፈንታነሽ፦ በእግር አራት ሰዓት። መኪና አይገባም።

አንዳርጌ፦ ወረቀቷን ይዘሽልኝ ነይ። ነገ በጠዋት መንገዱን ታሳዪኛለሽ፤ አባቷ ፊት እኔው ራሴ እሠራዋለሁ።