የቶተንሃሙ አፈ ጉባኤ፣ ጋሽ ዑቕባይ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበሩ የጋሽ ዑቕባይ ባለቤት ወይዘሮ ርግበ፣ በዚህ ብርድ ከባተርሲም ከቶተንሃምም ተነስታችሁ እዚህ ኤድመንተን መካነ መቃብር የደረሳችሁ ወገኖቼ፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። እኔ ኂሩት ነኝ። ዲግሪዬን ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከታላላቆቼ ቀድሜ መናገር አልነበረብኝም። ግን ወይዘሮ ርግበ፣ "አንቺ ተናገሪ፤ እነሱ ከተናገሩ ይጣላሉ" አሉኝ። ታዘዝኩ።

ጋሽ ዑቕባይ ማን ነበሩ? በወረቀት ከሄድን የመጋዘን ሠራተኛ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አስተማሪ። ከዚያም በፊት በህንድ አገር፣ በማድራስ፣ ተማሪ። ለእኛ ግን አፈ ጉባኤያችን ነበሩ። አገር ቤት ሲገዳደሉ የነበሩ ድርጅቶችን ሰዎች፣ በየእሁዱ ቶተንሃም ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ፊት ለፊት አስቀምጠው እንደ ምክር ቤት ያከራከሩን ሰው።

የመጀመሪያውን እሁድ ታስታውሳላችሁ? የካቲት ነበር። ሁላችንም መንግሥት መሆን ፈለግን። ተቃዋሚ የሚሆን ጠፋ። ጋሽ ዑቕባይ አዩንና፣ "እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር። መስኮቱ ይከፈት የምትሉ?" አሉ። የሁላችንም እጅ ወጣ። "የምትቃወሙ?" አንድም እጅ የለም። አንድም! ይልቅ ወደ ኋላ ዞረን በሩን አየን። ማን ስም እየመዘገበ ይሆን ብለን። ለንደን ተቀምጠን የቀበሌውን ሰው ፈለግነው!

መስኮቱ ተከፈተ። "ሁለተኛውም ይከፈት የምትሉ?" እጅ ወጣ። "ሂተሩም ይጥፋ የምትሉ?" ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ እጃችንን አወጣን። በመጨረሻ እትዬ አልታየሽ ብድግ አሉ።

"ኧረ እኔስ እቃወማለሁ! በብርድ ሞትኩ እኮ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

ጋሽ ዑቕባይ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ነሱ። "የተከበሩ የተቃዋሚው መሪ፣ በዚህ በኩል ይቀመጡ።"

"አዲስ ሥራ አይደለም" አሉ እትዬ አልታየሽ፤ "ባሌን ሃያ ዓመት ተቃውሜዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ተቃዋሚነት የሚሻሙበት ሥራ ሆነ። ጋሽ ዳኛቸው የመሪነቱን ወንበር በምርጫ ወሰዱባቸው፤ እትዬም እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

ጋሽ ዑቕባይ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ከማድራስ። ተማሪ ሳሉ የግዛቱ ምክር ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጠው ይከታተሉ ነበር። ክርክሩ በታሚል ነው፤ ብዙው አይገባቸውም። "የእኔ ሥራ ማየት ነበር" ይሉ ነበር። ያዩትን ሲነግሩን ድምፃቸው ይቀየራል። ሃያ ዓመት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። ከዚያስ? አልታሰረም። አልሸሸም። ከአፈ ጉባኤው ቀኝ ተነስቶ ወደ ግራው ተሻገረ። "መሐላቸው ምንጣፍ ብቻ ነው ያለው፣ ኂሩት። ምንጣፍ! እኛ እሱን መሻገር አቅቶን ነው በረሃ የተሻገርነው።"

ስመረቅ ሊያሾፉብኝ ደወሉ። "ማድራስ የላይኛው ምክር ቤትም ነበረው። ለመምህራን ወንበር አለ፤ ለተመራቂዎችም አለ። አንቺ ግን ከተመረቅሽ ሦስት ዓመት ሳይሞላሽ አትመርጪም።"

"ሦስት ዓመት! ጋሼ፣ እስከዚያማ አገር ቤት ገብቼ እኔው እመረጣለሁ!"

ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ጨዋታ ቀየሩ። አገር ቤት ያልኩት ነው ያስቀየራቸው።

መስከረም ላይ ሬዲዮው የአገር ቤቱን አዲስ የአንድ ፓርቲ ሸንጎ መሰብሰብ ሲያወራ አጠገባቸው ነበርኩ። ጆሮአቸውን አስጠግተው፣ "ተቃዋሚው በየት በኩል ተቀመጠ?" አሉ። አልቀለዱም። ምናልባት አንድ ወንበር ትተውለት ይሆናል ብለው ነው። እንዲህ ነበር የሚናፍቁት። ከተማውን አይደለም፣ ቤታቸውን አይደለም። ያቺን ወንበር።

እኛስ? ኅዳር ላይ ጋሽ ዳኛቸው በድምፅ ተሸነፉና ወገኖቻቸውን ይዘው ወጡ። በመንግሥት በኩል የሚመሩን ጋሽ ንዋይ ደግሞ "እፎይ!" አሉ። አዳራሹ ከዚያ ወዲህ እንደተዘጋ ነው።

ጋሽ ዑቕባይ ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ። "ዳኛቸው መውጣቱ ግድ የለም፤ ተናዶ ነው። የገደለኝ የንዋይ እፎይታ ነው" አሉኝ። ትንሽ አርፈው ቀጠሉ። "ማድራስ አዲስ አፈ ጉባኤ ሲመረጥ የገዢው መሪና የተቃዋሚው መሪ ግራና ቀኝ አጅበው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል። አንዱ ብቻውን ቢያመጣው የዚያ የአንዱ ሰው ይሆናላ። ከእኔ በኋላ የሚቀመጠውን ማን ያመጣዋል?"

መልሱ ያለው ከመቃብሩ ወዲህና ወዲያ የቆማችሁት እናንተ ጋ ነው። ልጃችሁ ነኝ፤ ትቆጡኛላችሁ። ተቆጡኝ! ግን እሳቸው ባሉበት እጠይቃለሁ። ጋሽ ዳኛቸው፣ ጋሽ ንዋይ፣ የፊታችን እሁድ አፈ ጉባኤ ለመምረጥ ትመጣላችሁ?

ጮክ ይበሉ ጋሽ ዳኛቸው፣ ነፋሱ ወሰደው። "ንዋይ ካለ እኔም አለሁ" ብለዋል። ጋሽ ንዋይስ? "ያለ እሱ ከማን ጋር ልከራከር?" ብለዋል። ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ጋሽ ዑቕባይ፣ ሰሙ? በተወለዱበት በደቀምሐሬ ቢያርፉ ምንኛ ደስ ባለኝ። አንድ ቀን በአገራችን ምክር ቤት ሰገነት ላይ ከጎንዎ ተቀምጬ፣ የተሸነፈው ሰውዬ ባርኔጣውን አድርጎ በሰላም ቤቱ ሲገባ አብረን ባየን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። ለእርስዎ አልደረሰም። ለእኔ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ ግን ቸኩያለሁ።

ደህና ይሁኑ፣ የተከበሩ አፈ ጉባኤ። እርስዎ ይረፉ። እኛ እሁድ ክርክር አለብን።