በዘይት ቆርቆሮ የበቀለ ጎመን

በድርቁ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ሰኞ ገበያ ላይ ጎመን ብርቅ ሆኖ ነበር። አቶ ሀምዱ ገበያውን ሙሉ ዞረው ያገኙት አንድ የጠወለገ እስር ብቻ ስለሆነ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ከደረሰ ዓይናቸው አያይም፤ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። ሐኪሙ ዳፍንት ነው፣ ቅጠላ ቅጠል ካልበሉ ይብስባቸዋል ብሏል። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ከየት ታገኛላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሼ።"

ዞር ቢሉ ኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ ጣይባ ናት። ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች በገመድ አንጠልጥላለች።

"ወአለይኩም ሰላም። ምነው ልጄ፣ ተምረሽ ተምረሽ ቆርቆሮ ነጋዴ ሆንሽ?"

"ጎመን ልዘራባቸው ነው። አንዱን ለእርስዎ ልስጥዎ፤ ለእማማ ዘሀራ ይሆናል።"

"ተይኝ። ሁለተኛ ምንም ላልተክል ምያለሁ።"

ምክንያት አላቸው። ኩታበር ሳሉ አርባ እግር ኮክ ነበራቸው። የመሬት አዋጁ የወጣ ጊዜ የመንግሥት ቆጣሪ መጥቶ በደብተር ከመዘገበው ወዲህ አንዲት ፍሬ አልቀመሱም። ሰውየው ሲወጣ፣ "አባት፣ እስካሁን የበሉት ይበቃዎታል" ብሎ ስቆባቸዋል። ከኮኩ ይልቅ ያ ሳቅ ነው የሚቆረቁራቸው። የተሳቀበት ሰው ያውቀዋል።

"የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው" አሉ ወደ ቧንቧ ውሃ አብረው ሲያዘግሙ። "ግቢዬ ውስጥ ቅጠል ብቅ ካለ፣ መሬት ይዟል ብለው ይጽፉኛል። ከዚያ ውጣ ይሉኛል። ዘሀራን ይዤ ወዴት ልሂድ?"

"እሱ መሬት ላይ ከተከሉ ነዋ። ቆርቆሮ መሬት ነው እንዴ? ዕቃ ነው። ውጡ ካሉዎት ተሸክመውት ይወጣሉ።"

"ተሸክሜው! በዚህ ወገቤ?"

"እኔ አግዝዎታለሁ።"

"እሺ፣ ውሃውስ? ለሚጠጣው እንኳ ግማሽ ቀን እንሰለፋለን።"

"ጋሼ፣ ለሶላት በቀን ስንት ጊዜ ውዱእ ያደርጋሉ?"

"አምስት ጊዜ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"ውሃው የት ይፈሳል?"

አቶ ሀምዱ ቀጥ አሉ። "አስተግፊሩላህ። የውዱእ ውሃ ፍግ የገባበት አፈር ላይ?"

"አሁንስ ሰው የሚረግጠው ጭቃ ላይ አይደል የሚፈሰው? እማማ ዘሀራ የሚበሉት ቅጠል ቢጠጣው አይሻልም?"

ትስቅባቸው እንደሆነ ፊቷን ሰረቅ አድርገው አዩ። አልሳቀችም። ቆርቆሮውን የተቀበሏት ያኔ ነው።

ጣይባ የቆርቆሮውን ቂጥ በሚስማር በሳሳችው፣ ከሥር ጠጠር አነጠፈች፣ ፍግና ጥቂት አመድ የተቀላቀለበት አፈር ሞላችበት። ጎመንና ቆስጣ ዘሩ። በግማሽ በርሜል ደግሞ አንድ እግር ኮክ ተከሉ።

ቅጠሉ ገና ጣት ሲያህል የቀበሌው ጸሐፊ ደብተር ይዞ ገባ። አቶ ሀምዱ ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ዕ... ዕቃ ነው።"

ጸሐፊው ቆርቆሮውን በጫማው ገፋ አደረገው። ቆርቆሮው ተንሸራተተ። "ዕቃ" አለና ምንም ሳይጽፍ ወጣ። አቶ ሀምዱ ግን ደጁ በተንኳኳ ቁጥር እስከ ሳምንቱ ድረስ ሲደነግጡ ሰነበቱ።

እንግዲህ መሬት የለኝም ብለህ እጅህን አጣጥፈህ የተቀመጥህ ወንድሜ፣ የተጣለ ቆርቆሮ አታጣም። የታጠብህበት ውሃ ያጠጣዋል፣ የቤትህ አመድ ያፋፋዋል፣ ቅጠሉ ከገበያ ግፊያ ያድንሃል። ቤት ብትለቅም አብሮህ ይሄዳል፤ ማንም ቆጥሮ አይወስድብህም።

ጎመኑን መቀንጠስ ከጀመሩ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን የመግሪብ አዛን እያለ አቶ ሀምዱ ቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ውዱእ ሲያደርጉ፣ ወይዘሮ ዘሀራ ከበራፉ ሆነው ተጣሩ።

"አንቱ ሰውዬ፣ ከዳር ያለችው ቅጠል ላይ ትል አለ፤ ያንሱት እንጂ።"

አቶ ሀምዱ አጎንብሰው ፈለጉ። እሳቸው ትሉን አላዩትም።