ጌታሁንና የበረሃዋ የቁማር ከተማ

ጎረቤቴ ጌታሁን ቁማር ለመተው ሲታገል፣ የነፍስ አባቱ «በምትጫወትበት ሰዓት ጎረቤትህ የታሪክ መምህሩ ዘንድ ሂድ» ብለው ወደ እኔ ላኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢልመር በሚባለው ሰፈራችን ወዳለው ቤቴ ሲመጣ፣ ልቡ ያለው ቁማሩ ላይ ነውና፣ አሜሪካ በረሃ ላይ ስለተቆረቆረችው የቁማር ከተማ፣ ስለ ላስ ቬጋስ፣ አስተምረው ጀመር። መጀመሪያ «የቆረቆሯት ቁማርተኞች ናቸው» ብዬው ነበር፤ በሳምንቱ ግን የባቡር ሐዲድ የዘረጉ ሰዎች መሆናቸውን አርሜ ነገርኩት። «መምህርም ይሳሳታሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የማውቀው ታሪክ አለቀ። «እንግዲህ ጨረስን» ስለው ከወንበሩ አልተነሳም። ሰዓቱን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቁማር ቤቱ ገና ክፍት ነው፣ መምህር። ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አለኝ። መነጽሬን መልሼ አደረግሁ። «ከሁሉ በፊት» አልኩት፣ «በዚያ በረሃ ምንጭ ነበረ።»